የዳንግላው ትል

አንድ ሙሉ ጉበት፣ ሳይቆረጥና ሳይበላ፣ እኔ እስክደርስ እንዲቆይልኝ የለመንኩትን ያህል ለሌላ ነገር ማንንም ለምኜ አላውቅም። በመስቀል ለምኜ ነበር። ሰዎቹም እሺ ብለውኝ ነበር። ከግምጃ ቤት ከተማ በእግሬ ተነሥቼ፣ በዚያ ጭቃ ወጥቼ ወርጄ ስደርስ ግን ቆዳው ተዘርግቶ፣ ሥጋው በየመደቡ ተከምሮ፣ አራጆቹ አፋቸውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ጉበቱስ ብል፣ ቢላዋ የሚይዘው ዓለምነው ሆዱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «እዚህ ፈልገው» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ኮሌጅ ጨርሼ እዚህ ቀበሌ ከተመደብኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ስሜ ፀጋው ነው፤ ሰዉ ግን ዶክተር ይለኛል። ዶክተር እንዳልሆንኩ ደጋግሜ አስረድቼ ስጨርስ «እሺ ዶክተር» ስላሉኝ ትቼዋለሁ። የተወለድኩት ዳንግላ ነው። የትውልድ ቦታዬ ከከብት ሕክምና ጋር ምንም ግንኙነት አለው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የእኔና የመንደሩ ክርክር ስለ ጨፌው ነው። ከመንደሩ በታች ያለው ይህ ረግረግ መስክ ክረምቱን ሙሉ ከከብት ይጠበቃል፤ ከገና በኋላ ሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠው ይከፍቱትና የሁሉም ከብት ይገባበታል። ድሮ ሌላም ግጦሽ ነበር አሉ። አሁን ተዳፋቱን ሁሉ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ስለሞላው፣ በበጋ ለምለም ሣር ያለው ጨፌው ላይ ብቻ ነው። የጉበት ትሉም ያለው እዚያው ነው። የታመመ ከብት ከእበቱ ጋር የትሉን እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይፈለፈልና የጣት ጥፍር የማታህል ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ተራብቶ ይወጣና ሣሩ ላይ ይለጠፋል። ያን ሣር የጋጠ ከብት ትሉን ጉበቱ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ መክሳት፣ መድከም፣ አገጭ ሥር ማበጥ ይከተላል። ይህን በስብሰባ ተናግሬያለሁ፤ በሥዕል አሳይቻለሁ፤ ቀንድ አውጣዋን ራሷን ለቅሜ በብልቃጥ ይዤ መጥቻለሁ። ብልቃጡን እየተቀባበሉ አዩና ይቺ ናት በሬ የምትጥለው ተባብለው መለሱልኝ።

የምጠይቃቸው ነገር ከባድ አይደለም። ዘንድሮ ጨፌው አይከፈት፤ ሣሩ ይታጨድ፣ በፀሐይ ደህና አድርጎ ይድረቅ፣ ከዚያ በየቤቱ ይከፋፈል። በደንብ የደረቀ ሣር ላይ ትሉ አይተርፍም። ይኸው ነው። ይህንኑ ሁለት ዓመት ሙሉ ስናገር ሰዉ በትዕግሥት ይሰማኛል፤ ሲያበቃ ጨፌው የሚከፈትበትን ቀን ይመክራል።

ከሁሉም የባሰበት ምህረቴ ነው። ምህረቴ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ያሉት ሁለት በሬዎች ናቸው። አንደኛው፣ ዳልቻው፣ አገጩ ሥር እንደ ከረጢት ተንጠልጥሎ የጎድን አጥንቱ ወጥቷል። ሁለት ጊዜ መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ። በመጀመሪያው የበሬውን ክኒን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለጎረቤቱ ለውዴ ላም አካፍሎ አገኘሁት። የእኔ ብቻ ድኖ የሷ ስትታመም በምን ዓይኔ አያታለሁ አለኝ። ግማሽ ክኒን ሁለቱንም እንደማያድን ለማስረዳት አንድ ከሰዓት ፈጀብኝ። በሁለተኛው ጊዜ ሙሉውን በእጄ አስዋጥኩት፤ በሬው አገገመ፤ ከዚያ ጨፌው ተከፈተና ተመልሶ ገባበት። መድኃኒቱ ጉበቱ ውስጥ ያለውን ይገድላል እንጂ ከሣሩ ጋር አዲስ የሚገባውን አይከለክልም። አንተ ብቻህን አታስገባው እንዳልለው ሌላ ሣር የለውም፤ እሱ ቢያስቀር የሌላው ከብት ግጦ ይጨርሰዋል።

ዘንድሮ ጨፌው ከተከፈተ ዳልቻው እስከ እርሻ እንደማይደርስ እሱም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። በአንድ በሬ አይታረስም። መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ሰጥቶ ምርቱ ለሁለት ሲከፈል ዳር ቆሞ ሊያይ ነው። ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ የበሬውን አንገት እያሸ ነበር የነገረኝ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አያ ይኸነው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ያዩትን ያምናሉ፤ ያላዩትን ግን እግዜር ይወቀው ብለው ያልፉታል። የከብቱ እብጠት ለእሳቸው ብርድ ነው። ጨፌው አባታቸውም አያታቸውም ከብት ያበሉበት ስለሆነ በእሱ ላይ የሚነገር ክፉ ነገር ስም ማጥፋት ይመስላቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ደጃቸውን ስመላለስ በመጨረሻ እኔም ሰለቸኋቸው መሰለኝ፣ ውል ገባን። የገናውን የቅርጫ በሬ ጉበት አብረን እናያለን፤ ትል ከተገኘ ጨፌው አይከፈትም፤ ካልተገኘ ቀንድ አውጣ የሚባል ነገር ሁለተኛ ፊታቸው አላነሣም።

ለገና አልተታለልኩም። ዋዜማውን ምህረቴ ቤት አድሬ፣ ሰዉ ከቅዳሴ ሲመለስ ከበሬው አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁት። ዓለምነው ሲያየኝ ዛሬስ ቀደምከን አለ። በሬው ታረደ፣ ተገፈፈ፣ ጉበቱ ወጣና ኮባ ቅጠል ላይ አረፈ። እዚህ ላይ ያላሰብኩት ጭቅጭቅ ተነሣ። ቅርጫ ነውና ከሁሉም ብልት ለሁሉም መደብ እኩል መድረስ አለበት፤ ጉበቱን ለብቻው ወደ ዳር መውሰድ አይቻልም ተባልኩ። አልወስድም፣ እዚሁ ልየው አልኩ። አይቶ ሲያበቃ ይጥለው ይሆናል የሚል ሰው ተገኘ። አልጥልም አልኩ። ማልልን አሉኝ፤ ማልኩ። እኔ ስምል ዓለምነው ጫፉን ቆረጥ አድርጎ በሚጥሚጣ እየነካ ወደ አፉ መስደድ ጀምሯል።

ቢላዋውን ተቀብዬ ጉበቱን በመሐል ሰነጠቅሁት። ቢላዋው አሸዋ የሚቆርጥ ይመስል ከረከረ። ቱቦዎቹ ደንድነው ነጭ ሆነዋል፤ አንዱን ስጨምቀው ቡናማ ፈሳሽ መጣ፤ ከፈሳሹ ጋር እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ የሆኑ ትሎች ተከታትለው ወጡና ኮባው ላይ ተላወሱ። ዓለምነው ማኘኩን አቆመ። አንዱ ከኋላ፣ በመስቀል የበላነውም እንዲህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ዓለምነው ፊቱን አዙሮ ምራቁን ተፋ።

ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት የደከምኩበት ነገር ፊታቸው ላይ ይንቀሳቀሳል። ምህረቴ ባጠገቤ ቆሟል። አያ ይኸነው ጎንበስ ብለው አንዷን ትል በእንጨት ገለበጧት፤ መልሰው ገለበጧት፤ ከዚያ ቀና አሉና ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቁ፦

«ይኸን በሬ ከየት ነው የገዛነው?»

«ከዳንግላ ገበያ» አላቸው አንዱ።

ፊታቸው በራ። እንዲህ ሲበራ አይቼው አላውቅም። «በሉ እንግዲህ» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ዶክተር ልክ ነው፤ ትል አለ። የዳንግላ ትል ነው።»

በሐቅ ከሄድን ነገራቸው መሠረት አለው። በሬው የተገዛው በቅርቡ ነው፤ ጨፌያችንን ረግጦ አያውቅም። ከየት እንደመጣ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አልጠየቅሁም፤ ጉበቱ እንዳይበላ ስጠብቅ በሬውን ረሳሁት። ቢሆንም ለማስረዳት ሞከርኩ። ትሉ ረግረግ ባለበት ሁሉ አለ፣ የምህረቴ በሬ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ አይደለም ወይ የታመመው አልኩ። እሱማ ከገበያ ከብት ተጋብቶበት ነው አሉኝ። ታዲያ የገበያው ከብትስ ከምን ያዘው ስል፣ አንዱ በአዊኛ የሆነ ነገር ተናገረና ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔ አዊኛ አልችልም፤ ከመሐሉ ዳንግላ የሚለውን ብቻ ሰማሁ። ምን አለ ብዬ ምህረቴን ጠየቅሁት። ለአገሩ ትል ጠበቃ ቆመ ነው ያለው አለኝ፤ እሱም ሳቁን እየዋጠ።

አያ ይኸነው ግን ውላቸውን የሚያፈርሱ ሰው አይደሉም። ትል ከተገኘ ይዘጋል ብያለሁ፣ ተገኝቷል፣ ስለዚህ ይዘጋል አሉ፤ የሚዘጋው ከገበያ በተገዛ ከብት ላይ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ይገባል። ፍርድ ማለት ይህ ነው በሚል ዓይን አዩኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላመጣሁትም። ዓለምነው ብድግ ብሎ የውዴ ጊደር ከግምጃ ቤት ገበያ እንደመጣች አስታወሰ። ውዴ ቅርጫ ልትቀበል ሰፌድ ይዛ ቆማ ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጠች። የዓለምነው ላምስ ብላ ጀመረች። የእኔዋ በጥሎሽ ነው የመጣችው እንጂ አልተገዛችም አለ። አማቶችህ ከየት አመጧት፣ ከሰማይ ወረደችላቸው ወይ አለችው። ሌላው የሌላውን ወይፈን አነሣ፤ ያም የዚህን ጥጃ። እዚያ መንደር ውስጥ ማን መቼ ምን ከብት ከየት እየነዳ እንደመጣ የማያውቅ ሰው የለም ለካ። የእኔ ካልገባ የሱ ለምን ይገባል የሚለው ድምፅ በየአቅጣጫው ተነሣ። ሥጋው መደብ ላይ እንደተቀመጠ ዝንብ ይወረው ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ንጹሕ ሆነው የቀሩት ከብቶች የአያ ይኸነው ሁለት ላሞች ብቻ ሆኑ።

«እንግዲህ ምን ላድርግ» አሉ አያ ይኸነው፤ ፂማቸውን እያሻሹ። «የእኔዎቹ የቤት ልጆች ናቸው።»

ሚስታቸው እትዬ እመቤት ከሴቶቹ ጋር ጨጓራ እያጠቡ ነበር። ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«የቦራዋ ላማችን እናት የማን ልጅ ነበረች?»

«እሷማ ሞታለች» አሉ አያ ይኸነው።

«ከመሞቷ በፊት። ከዳንግላ ስትነዳት ዝናብ መቶህ ሳምንት የተኛኸውን ረሳኸው እንዴ? ያን ጊዜ ሳስታምምህ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ አልረሳሁትም።»

ሳቁ ሲበርድ አያ ይኸነው መሬቱን በዘንጋቸው ጫሩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ጨፌው ዘንድሮ ለማንም እንደማይከፈት፣ ሣሩ ታጭዶና ደርቆ በየቤቱ እኩል እንደሚከፋፈል ተናገሩ። አንድ ሰው እንኳ አልተቃወመም። ሥዕልና ብልቃጥ ይዤ ያላገኘሁት ስምምነት በቅናት ባንድ ጧት ተገኘ።

እኔ ግን ቆሜያለሁ። ትሉ የሚመጣው ከገበያ ከብት ብቻ ነው ብለው የያዙት ሐሳብ ስህተት ነው። ከርሞ ከዳንግላ ከብት አልገዛንም፣ ንጹሕ ነን ብለው ጨፌውን ይከፍቱታል። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ምህረቴ የጃኬቴን ጫፍ ይዞ ጎተተኝ።

«ምን ልትል ነው?»

«እውነቱን ነዋ።»

«ከርሞ ንገራቸው» አለ በሹክሹክታ። «ከርሞ እኔ ራሴ ፊት ተቀምጬ እሰማሃለሁ። ዘንድሮ በሬዬ ይቁምልኝ።»

እጁ ጃኬቴን አልለቀቀም። አያ ይኸነው መቆሜን አይተው ኖሮ፣ «ዶክተር፣ የምትለው አለህ መሰለኝ» አሉ። «የተሳሳትነው ካለ ንገረን። አንተ የተማርክ ነህ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ለሁለት ዓመት እንዲህ አተኩረው ሰምተውኝ አያውቁም። አሁን ሁሉንም ብናገር አዋጁ እንደሚፈርስ፣ የሳምንት ክርክር እንደሚጀመር፣ በመሐሉ ከብቱ ጨፌው ውስጥ እንደሚገባ አየሁ። የዳልቻው አገጭም ታየኝ።

«ትል ያለበት ከብት፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ጨፌው ውስጥ ከገባ በእበቱ ትሉን ለሌላው ሁሉ ያድላል» አልኩ። «መዝጋታችሁ ትክክል ነው።»

ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። ያስቀረሁት ግን ከተናገርኩት ይበልጣል።

አያ ይኸነው ራሳቸውን እየነቀነቁ አሰቡበት። ንግግሬ በጣም ገብቷቸዋል። ከዚያ እንደ ልጃቸው በሐዘኔታ አዩኝና፣

«ታዲያ ይኸን እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግረን?» አሉኝ።

ለዚህ የሚሆን መልስ ነበረኝ። ምህረቴ ግን አፌን እስክከፍት አልጠበቀም፤ ክንዴን ይዞ፣ መድኃኒቱን ይዘሃል አይደል እያለ፣ ዳልቻው ወደታሰረበት ጎተተኝ።