«አላውቀውም» ያለው ሰው

«እማማ፣ ሽልማቱን ደረትዎ ላይ ያዝ ያድርጉትና አንድ ፎቶ እንነሳ።»

ከድጁ ባሏን ሀምዱን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። የቴፒ ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ዳሱን ሞልቶታል። ፎቶ የሚለምናት ባዘዘው የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ገብቷል።

«ፎቶ ለሰርግ ነው» አለችው። «መርዋ፣ ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

ልጇ በመስተዋት የተከፈፈውን ወረቀት አነበበች፦ «በዓለም አቀፍ የሬዲዮ ውድድር ለላቀ አስተዋጽኦ፣ ለአቶ ሀምዱ አባመጫ።»

የላቀ! ስንት ዓመት፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የሩቅ አገር ሰው ሲጣራና የመለሰለትን ሁሉ ሲመዘግብ፣ እጁ ስለማይፈታ የተቀቀለ ጎደሬ ያጎረሰችው እሷ ናት። የውድድሩን ወግ አታውቅም፤ ሲቀናው ግን ከትከሻው ታውቃለች።

አምና አንዱ፣ ከዋንዛው ዛፍ ላይ የተዘረጋውን የሬዲዮውን ሽቦ አይቶ «ሰላይ ነው» አለ። ሀምዱን አሰሩት። የሬዲዮ ፈቃዱ ወረቀት ማኅበሩ ቢሮ ስለነበር ለባዘዘው አስደወለች። «እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም» ብሎ ዘጋው። በዘጠነኛው ቀን የያዙበት ነገር ሲጠፋ ለቀቁት። ሐሜቱ ግን አልለቀቀውም፤ ዛሬም እዚሁ ዳስ ውስጥ ያንሾካሹካሉ።

«እንግዲህ ስማ» አለችው። «ፈቃድ እንደነበረው፣ አንተም ታውቀው እንደነበር ለዚህ ሁሉ ሰው ተናገር። ያኔ እቀበልሃለሁ።»

«እማማ፣ ያለፈው አለፈ። በለቅሶ ቀን…»

«የት አባቱ አለፈ? ሐሜቱ ይኸው ከአባቦራ ጎን ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ!»

ጎረቤቷ አባቦራ ሲኒውን አስቀመጠ።

ባዘዘው ካሜራ የያዘውን ባልደረባውን በቆረጣ አየ። «ፈቃድ… ነበረው» አለ በአፍንጫው።

«ለኔ አይደለም፣ ዳር ላሉት! በሬዲዮ ባሕር ማዶ ትጣራለህ፤ እዚያ ምሰሶው ድረስ አቃተህ?»

«ፈቃድ ነበረው! አውቀው ነበር። ፈርቼ ነው አላውቀውም ያልኩት።»

አባቦራ አንገቱን ደፍቶ «አፉ በይን፣ እትዬ ከድጁ» አለ። እሷ ዓይኗን ከባዘዘው አላነሳችም። ይቺ ነበረች? ይቺን ቃል ዓመት ሙሉ በጉንጩ ይዞ ዞረ፤ ሀምዱ ሳይሰማት ሞተ።

ሽልማቱን ከእጁ ወሰደችው። የባዘዘው ጣቶች መስተዋቱን በላብ አወዝተውታል፤ ቀፈፋት።

«ስሙ የቱ ጋ ነው?»

መርዋ ጣቷን አሳረፈችበት። ከድጁ በሻሿ ጫፍ ያንን ስም ብቻ ጠረገች፣ ጠረገች፤ ሌላውን እንዳለ ተወችው።