እንግዳን መቃወም

ዓብዱ ወሎዬ ነው፤ እንግዳ ፊት «አይ» ብሎ አያውቅም። እንግዳ ሻዩ ቀጠነ ካለ ቀጥኗል፣ ወፈረ ካለ ወፍሯል። ይህ ጠባዩ ካልጋሪ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ በጅቶት ኖሯል፤ አሁን ግን ልጁን ሊያስነጥቀው ነው። ልጁ አሪጅ፣ ኢልየስ የሚባል፣ አያቶቹ ከአልጄሪያ የሄዱ የፈረንሳይ ልጅ ልታገባ ነው። ሁለቱ ፊቱ ተቀምጠው «ከኒካው በኋላ ሊዮን እንኖራለን» ሲሉት «መልካም፣ አላህ ያሳካ» አለ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

የኢልየስ እናት ማዳም ናዲያ ከሊዮን መጥታ ቅዳሜ ራት ልትበላ ሆነ። ዓብዱ ፎረስት ሎን ሰፈር ወደሚገኘው ካፌ ሄዶ ጋሽ የማነን አማከረ። የማነ ካናዳ ከመግባታቸው በፊት ሊዮን ኖረዋል።

«ጋሼ፣ የፈረንሳይ ከተሜ እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ሱቁ ገብተህ ቦንዡር ሳትል ዳቦ ብትጠይቀው፣ ዳቦው ከኋላው ተከምሮ እያለ የለም ይልሃል። ራት ከተቀመጠ አይነሳም። ደግሞ መስማማት አይወድም።»

«እንዴት አይወድም?»

«ከተስማማህለት ወይ አልሰማኸውም፣ ወይ ሞኝ ነህ። ሴትዮዋ ዝናብ ካለች አንተ ፀሐይ በል። ያኔ ወንበሯን ወዳንተ ታስጠጋለች።»

«እየቀለዱብኝ ነው አይደል?»

«ብቀልድስ? እስከዛሬ በመስማማትህ ምን አተረፍክ?»

ዓብዱ ፋልከንሪጅ ቤቱ ገብቶ ይህን ለሚስቱ ለከሚላ ነገራት። «እንግዳዬን ብትቃወም፣ ወላሂ፣ ድስቴን ይዤ ሬድስቶን እህቴ ቤት ነው የምሄደው» አለችው።

ቅዳሜ ማዳም ናዲያ ከኢልየስ ጋር መጣች። ፀጉሯ አጭር ሽበት፣ ሻርፗ አንገቷ ላይ የተጠመጠመ ነው። አንድም ሰው ሳትዘልል በየተራ ሰላም አለች። እሷም ዓብዱም እንግሊዝኛ ይሰብራሉ፤ የሚሰብሩት ግን በተለያየ በኩል ነው።

ምስሩን ቀመሰችና «ጨው ያንሰዋል» አለች።

ከሚላ ጨው ልታመጣ ብድግ አለች። ዓብዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «አያንሰውም» አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

ከሚላ ቆማ ቀረች። ናዲያ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ለምን?»

«ጨው ሲበዛ ምስርነቱ ይጠፋል።»

ሴትዮዋ ወንበሯን ወደሱ አስጠጋች። «እሺ፤ ከተማችሁስ? ከኤርፖርት እስከዚህ በእግሩ የሚሄድ ሰው አላየሁም። ይሄ ከተማ ነው?»

«ከተማ ነው። እግረኞቹ የኔ አውቶቡስ ውስጥ ናቸው።»

ናዲያ ሳቀች። «የኛ ሾፌሮች አድማ ሲመቱ ሁላችንም በእግራችን ነን። አድማ ጥሩ ነገር ነው።»

«እሱስ ልክ ነው።»

«ይቃወሙኝ እንጂ» አለች፣ ቅር ብሏት።

ተቃወማት። «አይ» እንደ ጫት ኖሯል፤ መጀመሪያ ይመርራል፣ ኋላ ያመረቅናል። ስለ አይብ ተቃወማት፣ ስለ ክረምት ተቃወማት። ኢልየስ አንዱን ሲያይ ሌላው ያመልጠው ጀመር።

«ወደ ዋናው ጉዳይ» አለች ናዲያ። «ልጆቹ ሊዮን ሊኖሩ ነው። እርስዎም ተስማምተዋል አሉኝ።»

«አልተስማማሁም።»

ዓብዱ የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

«ባባ፣ ዋት?» አለች አሪጅ። «ኦኬ ብለህ ነበር እኮ።»

«ምክንያትዎ?» አለች ናዲያ።

ለምስሩ ምክንያት ነበረው፤ ለዚህኛው አላዘጋጀም። «ምክንያት የለኝም» አለ። «ልጄ እንዳትርቀኝ ነው።»

«ደካማ ነው፤ ግን ምክንያት ነው። እኔም አልተስማማሁም።»

«ማማ፣ አንቺ ደግሞ ለምን?» አለ ኢልየስ።

«ጢም እስክታበቅል ቤቴ ልብስህን አጥቤልሃለሁ፤ ይበቃኛል። ደውለህ ሁሉም ተስማማ አልከኝ። ሁሉም የተስማማበት ነገር ማንም ያላሰበበት ነው። የሚቃወም ሰው ፍለጋ ነው ውቅያኖስ የተሻገርኩት።»

«እኔ ግን አስቤበታለሁ» አለች አሪጅ። ድምፅዋ አልተነሳም። «በሁለታችሁም አልስማማም። ሊዮንን ሪሊ ወድጄዋለሁ፣ መኖር እፈልጋለሁ። ባባ፣ ከፍቶህ ከነበረ ለምን አልነገርከኝም?»

ዓብዱ አቀረቀረ። ልጁ ፊት ለፊት ስትሟገተው የመጀመሪያዋ ነው፤ ዓይኗ እንደሱ አላቀረቀረም።

ክርክሩ ከሚላ ሻይ ደጋግማ እስክትቀዳ ቀጠለ። ሬድስቶን መሄዷን ረስታ እሷም ሁለት ጊዜ ተቃወመች። በመጨረሻ አሪጅ የነርስነት ትምህርቷን እስክትጨርስ ካልጋሪ ሊኖሩ፣ ከዚያ ሊዮን ሊሄዱ፣ ግን ናዲያ ቤት እንዳይኖሩ ተባለ።

«ተስማሙ?» አለችው ናዲያ።

ዓብዱ ልጁን አየ።

«አልተስማማሁም» አለ። «ግን ይሁን።»