የትርፍ ቤቱ ባለቤት

"የዚህ ግቢ ባለቤት ማን ነው?"

የፖሊሱ አሥር አለቃ ግርማ ይህን ሲጠይቅ መዳፉን በበሩ ጣውላ ላይ አሳርፎ ነበር። ሳኒ በሩን በግማሽ ከፍቶ በትከሻው ደግፎታል። ከአሥር አለቃው ጀርባ የቀበሌው ሊቀመንበር ሽፈራውና ጠመንጃ ያነገቱ የአብዮት ጥበቃዎች ጠባቡን የጀጎል መንገድ ሞልተውታል።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?" አለ ሳኒ።

"ወንድምህን ሙሜን" አለ ሽፈራው። "ለውትድርና ተጠርቶ አልቀረበም።"

"የፍተሻ ማዘዣ ይዛችኋል?"

ሽፈራው ፈገግ ብሎ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ተዘግቶባቸው ግድግዳ ወደ ተጠጉት ሴቶች ዞረ። "ሰማችሁ? መንግሥት ሶፊያ ድረስ ልኮ አስተማረው። አሁን መንግሥትን ማዘዣ ይጠይቃል።"

ሳኒ ከቡልጋሪያ በሕግ ተመርቆ የተመለሰው በዚያው ክረምት ነበር። እስካሁን አልተመደበም። ሕግን ካስተማሩት ሰዎች ውስጥ ስንቱ በሕግ ያምን እንደነበር እርግጠኛ አይደለም፤ ስለ ራሱም እንደዚያው። ግን አንድ ነገር ያውቃል። የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ በቀበሌው አዳራሽ ሲነበብ አንባቢው ሽፈራው ራሱ ነበር፤ በስብሰባው ያልተገኘ ሰው ደግሞ የስኳር ራሽኑን አጥቷል። ስለዚህ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የሰው መኖሪያ ቤት ያለ ሕጋዊ ፈቃድ አይደፈርም የሚለውን አንቀጽ ለሕዝቡ ያነበበው ማን እንደሆነ ጠየቀው። ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

አሥር አለቃ ግርማ እጁን ከበሩ አነሳ። ፍርድ ቤቱ ለምሳ መዘጋቱን፣ ከሰዓት በኋላ ማዘዣውን አውጥቶ መመለስ እንደሚችል ለሽፈራው በዝግታ ነገረው። የሳኒን ልብ ደስታ ሞላው። ያ ሁሉ ዓመት ያነበበው ነገር የገዛ እናቱ በር ላይ ሲሠራ አየ።

"መልካም" አለ ሽፈራው። "የእናትህን ቤት አንነካም። በስተቀኝ ያለው ግን የቀበሌው ቤት ነው። የራሳችንን ቤት ለማየት ማንንም አናስፈቅድም።"

 ሙሜ ያለው እዚያ ነው።

በስተቀኝ ያለውን ቤት አባታቸው የሠሩት ለበኩር ልጃቸው ለሳኒ ነበር፤ ሲያገባ ሙሽራዋን ከወላጆቹ ግቢ እንዲያስገባበት። የከተማ ቤት አዋጅ ሲወጣ "ትርፍ ቤት" ተባለና ተወረሰ፤ ለወይዘሮ እልፍነሽ ተከራየ። እልፍነሽ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። የሳኒ እናት ሩቂያ ቤቱን ለማስመለስ አቤት ያላለችበት ቢሮ የለም። ሁለቱ ሴቶች ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ ሰላምታ አይለዋወጡም። ሳኒም ከተመለሰ ወዲህ እልፍነሽን እንዳላየ ያልፋታል። ቅድም የጥበቃዎቹ ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ሲሰማ ግን ሙሜ ግቢውን ሮጦ ያቋረጠው ወደ እሷ ነው። ከልጇ ከከበደ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ከበደን ለውትድርና ወደ ሰሜን ከወሰዱት ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። እልፍነሽ ሙሜን አስገብታ በሩን ዘጋች።

ወደ ቀበሌው ቤት የሚወስደው መተላለፊያ የጋራ ነው። ሳኒ ከበሩ ላይ ፈቀቅ አለ።

እልፍነሽ እጇ ሳሙና እንደሆነ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

"ዞር በይ፣ ቤቱ የቀበሌ ነው" አላት ሽፈራው።

"ኪራይ ስከፍል የእኔ ነው፣ ስትፈትሹ የእናንተ ነው?"

"ወይዘሮ ሩቂያም የእኔ ነው እያሉ ያመለክታሉ። እኔው ነኝ ማመልከቻውን የማየው።" ወደ ሳኒ ዞረ። "እስቲ ጠበቃው ይፍረድ። የማን ነው?"

ሩቂያ ከራሷ ደጃፍ ሆና ልጇን ታየው ነበር። ሳኒ "የእኛ ነው" ቢል ይስቁበታል፤ ቤቱንም ሙሜንም ይወስዳሉ።

"የወይዘሮ እልፍነሽ ነው" አለ። "የሚኖሩበት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካልፈቀዱ ያለ ማዘዣ አይገባም።"

"የእናትህ አቤቱታስ?"

"ቀርቷል።"

"ከፍ አድርገው፣ እሳቸውም ይስሙ።"

"ቀርቷል። የተሠራው ለእኔ ነበር። አልፈልገውም።"

ሩቂያ ወደ ውስጥ ገባች።

ሽፈራው አሥር አለቃውን ለዚህ ቃል ምስክር መሆኑን አሳሰበው። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ካሰበው በላይ ያገኘ ሰው መስሏል። ግርማ እልፍነሽን ትፈቅድ እንደሆነ ጠየቃት። "አልፈቅድም" አለች። ጥበቃ የውጭው በር ላይ አቁመው ወደ ፍርድ ቤቱ ሄዱ።

ሙሜ በጓሮው ግንብ ወደ ጎረቤት ግቢ ዘለለ። የሠፈሩ ሴቶች ከግቢ ወደ ግቢ እያሳለፉ የከተማው ግንብ መውጫ እስከሆነው ኤረር በር አደረሱት። ከዚያ ወዲያ የአጎታቸው እርሻ ነው።

"ለአንተ ብዬ አይደለም" አለችው እልፍነሽ ሳኒን።

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ስትመጣ እንኳን እንዴት ነሽ አላልከኝም።"

ማዘዣው ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ለሁለቱም ቤት። በእልፍነሽ ቤት ፍራሽ ቀደዱ። በሩቂያ ቤት ግድግዳው ላይ ለጌጥ የተሰቀሉትን ሳህኖች እያወረዱ ሰበሩ። ማዘዣ ስለያዙ ሳኒ ምንም ሊላቸው አልቻለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሩቂያ ለልጇ ምግብ ታቀርብለታለች፤ አታናግረውም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ወደ ኤረር በር ሊወጣ ሲል ከኋላው ጠራችው።

"ቤቱን እንደሆነ ሰጥተሃቸዋል። ከእንግዲህ ምን ይፈልጋሉ? ሙሜን ይምጣ በለው፣ ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም።"

ሳኒ እሺ አላት። ኤረር በር አጠገብ፣ ከአጎቱ መንደር አትክልት ይዛ የምትመጣውን ነጋዴ አገኛት። እናቱ ያለችውን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ተወው።

"ሙሜን አትምጣ በይልኝ" አላት። "ማንም የፈለገውን ወረቀት ቢያሳየው አይምጣ። እኔም ብጠራው አይምጣ። ደህና መሆኑን ብቻ አንድ ቃል ይላክልኝ።"

በሚቀጥለው ገበያ ነጋዴዋ መልእክቱን ማድረሷን ነገረችው። ምን አለ ቢላት ዝም ብሎ አዳመጠኝ አለች። በሌላውም ገበያ ጠየቃት፤ በሌላውም። ከሙሜ ምንም ቃል አልመጣም።