ዓመተ ምሕረቱን ማን አጠፋው?

ከራሴ በላይ ጓ፣ ጓ፣ ጓ አለ። ቤዝመንቱን ያከራዩኝ እትዬ ዘውዴ ሲፈልጉኝ ወለሉን በከዘራ ይመቱታል። የዛሬው ግን አላቋርጥ አለ። በካልሲዬ ደረጃውን ወጣሁ።

ጥቁር ለብሰው ሳሎኑ መሀል ቆመዋል። ወንድማቸው አቶ ፀጋዘአብ ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይቀበራሉ። ለዕድርተኛው ትናንት ቴክስት ተልኮለታል፤ የመሰብሰቢያው ቤትና የመቃብሩ አድራሻ ያለው ግን ዕድሩ ድረ ገጽ ላይ ነው። ድረ ገጹን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

"ይዲድያ፣ የደወለልኝ ሁሉ ገጹ ባዶ ነው ይለኛል" አሉ። "ወንድሜን ብቻዬን ልቅበረው?"

ከፈትኩት። ነጭ። በማስተዳደሪያው በኩል ልግባ ብል፣ እሱም ነጭ። ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ከከተማው ዳር፣ ከስካርቦሮ የሚመጣ ሰው አሁን ካልተነሳ አይደርስም። ላፕቶፔን አምጥቼ ሰርቨሩ የመዘገበውን ስህተት አነበብኩ። የጻፍኩት ኮድ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይረውን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ፕለጊኑን፣ ጠርቶ አጥቶታል።

ማስታወቂያውን የለጠፈችው እዚያው ሳሎን ያለችው የእትዬ የልጅ ልጅ ሩቲ ናት። ሌላ የነካችው ነገር እንዳለ ጠየቅኳት።

"ዓመቱን 2017 ይላል። ኦልድ ነገር፣ የተበላሸ መስሎኝ ኦፍ አደረግኩት" አለች። "ሶሪ።"

እዚሁ ፈረንጅ አገር ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ምን እላታለሁ። ፕለጊኑ መኖሩን ሳያረጋግጥ ዘሎ የሚጠራ ኮድ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጥቂት መስመር ጨመርኩ፦ አክቲቭ ከሆነ የእኛን ቀን አሳይ፣ ካልሆነ የፈረንጁን፤ ገጹን ግን አትግደል። ሴቭ አድርጌ እንደገና ከፈትኩት። አሁንም ነጭ። ስቸኩል አንድ ቅንፍ ሳልዘጋ ቀርቻለሁ። የእትዬ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። ቅንፉን ዘጋሁት።

የአቶ ፀጋዘአብ ፎቶ ወጣ፤ ከሥሩ ሁለቱም አድራሻዎች።

"መጣ፣ እትዬ። አሁን ሁሉም ያየዋል።"

ሩቲ ለሁሉም እንደገና ቴክስት ላከች። ዕድርተኛው እዚህ ቤት ተሰብስቦ አብሮ ሊሄድ ነበር የታሰበው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ሦስታችንም አፈጠጥንበት። ምንም የለም። ውጭ አንድ መኪና ዝግ ብሎ መጣና፣ ቆመ ስንል አለፈ።

"ቡና ሊገዙ ቲም ሆርተንስ ምናምን ቆመው ይሆናል" አለች ሩቲ ቀስ ብላ። የሳቀላት የለም።

እትዬ ዘውዴ ፎቶውን ትንሽ አዩት። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ በሩን ከፍተው ወደ ቀብሩ ወጡ።