ዝምታዬን መስማማት ብለው ጻፉት

ሚስቴ ኬጡራ ሰባኪ ናት። ሰው ኩዌከር ይለናል፤ እኛ ግን ራሳችንን ወዳጆች እንላለን። ቄስ የለንም፤ መንፈስ የቀሰቀሰው ይነሣል፣ ይናገራል፣ ይቀመጣል። ዘንድሮ ግን ጌታ ኬጡራን ከመቀመጫዋ ማስነሣቱ አልበቃው ብሎ፣ በዋባሽ ወንዝ ዳር ወደ ሰፈሩት አዲስ መጤዎች ሊልካት ፈለገ። መቶ ማይል ጫካ፣ አራት ወንዝ፣ ያውም በረዶው ቀልጦ ወንዝ በሚሞላበት ሰሞን! ካቻምና ከነዚሁ ወንዞች አንዱ ፈረሷን ወስዶባት፣ እሷን በፀጉሯ ጎትተው ነው ያወጧት። ከዚያ ወዲህ የውሃ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መንገዴን እቀይራለሁ።

ሰባኪ ያለ ጉባኤው የጽሑፍ ፈቃድ ርቆ አይሄድም። ድምፅ አንቆጥርም፤ አንድ ሰው እንኳ «ልቤ አልተቀበለውም» ካለ ነገሩ ይቀራል። ሁሉም ዝም ካለ ተስማምተናል ማለት ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገኝ አንድ አፍ ነበር። የራሴን አፍማ እንዴት ልክፈት? ሚስቱን ከጌታ የሚቀማ ባል ልባል? ፈሪ ነኝ፣ ይኸው ተናገርኩ። ጉባኤው ሊሰበሰብ አንድ ቀን ሲቀረው አሮጊቷ ዓክሳ ዘንድ ሄድኩ። ዓክሳ ከተናገረች የሚመልስላት የለም።

«ዓክሳ፣ ነገ አንድ ነገር በይልኝ» አልኳት። እኛ ዘንድ ሽማግሌም ዳኛም አንተና አንቺ ነው የሚባለው።

ባቄላዋን እየለቀመች ቀና አለች። «አንተስ አፍ የለህም?»

«እኔማ ባሏ ነኝ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ፣ አንተ ደንባራ!» ሳቀች። ቀጥላ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «በል ሂድ፤ የተሰማኝን እናገራለሁ» አለችኝ። እኔም ቃል እንደገባችልኝ ቆጥሬ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላው በኩል ትይዩ ተቀመጥን፤ የሚለየን የሳንቃ ግድግዳ ገና አልተሠራም ነበር። ጸሐፊው ባርክሌይ ጉዳዩን አንብቦ፣ «የምትሉት ካለ» አለ። ጭጭ። የእንጨቱ እሳት ብቻ ይንጣጣል። እጄ ስላላበኝ በሱሪዬ ጠረግኩት። ዓክሳ ዓይኗን ጨፍናለች። ምነው አትነሣም? ተኝታ ይሆን?

በመጨረሻ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች።

«ኬጡራ ብቻዋን መሄድ የለባትም።» ልቤ ዘለለ። «ልጄ ሮዳ ጠንካራ ናት፤ አብራት ትሂድ» ብላ ተቀመጠች።

«ሌላ የሚናገር አለ?» አለ ባርክሌይ። ኬጡራን አየኋት። ዓይኗን ሳታርገበግብ ትክ ብላ ታየኛለች። ዋ! ብትተነፍስ፣ ያለችኝ መሰለኝ። ባርኔጣዬን ወደ ዓይኔ አወረድኩና የጫማዬን ጭቃ ማየት ጀመርኩ። ባርክሌይ ጠበቀ፤ በጣም ጠበቀ። ከዚያ ብዕሩ ሲጫጭር ሰማሁ። «ጉባኤው ተስማምቷል፤ ባሏም እንዲሁ።»

ውጭ፣ ፈረሶቹ ዘንድ፣ ኬጡራ የቆቧን ክር ማሰር አቃታት።

«ሄኖስ፣ ምነው ዝም አልክ?»

«እ?»

«አሁን እምቢ ይላል፣ አሁን እምቢ ይላል እያልኩ አንተን ነበር የማየው።»

«መሄድ አልፈለግሽም?»

«ጌታ ሲልከኝ እኔ እምቢ አልልም። ጉባኤው ቢይዘኝ ግን አርፌ እቀመጥ ነበር። ውሃውን እፈራዋለሁ። ፊቴን ስታጠብ እንኳ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል።»

«ነይ ተመልሰን እንንገራቸው!»

«ምን ልትላቸው? መንፈስ በር ላይ ደረሰብኝ?» ብላ መራራ ሳቅ ሳቀች።

በሩ ከቆምንበት አሥር እርምጃ አይሞላም። ባርክሌይ ገና ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር፤ በመስኮት ይታየኛል። እኔ ግን ልጓም ይዤ ተገትሬ ቀረሁ። እሷም ትንሽ ጠበቀችኝና ፈረሷ ላይ ወጣች።

ከሦስት ቀን በኋላ ረፋድ ላይ ከሮዳ ጋር ሄዱ። ኮርቻዋን እኔው ጫንኩላት፤ ሦስት ጊዜ አጥብቄ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። «ይበቃል፣ ሄኖስ» አለችኝ።

ይኸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ዝናቡ አላባራም፤ ከወዲያ የሚመጣ መንገደኛም የለም። ጠዋት ጠዋት በረት ገብቼ ሳልብ፣ ጮክ ብዬ «አትሂጂ» እላለሁ። ላሞቹ ዞር ብለው ያዩኛል።