ፊኛ ላጪው

ሐኪሟ «ትንሽ ናት፤ የምስር ክክ ብታክል ነው» አለችኝ። አንጎሌ ውስጥ ስለፈሰሰችው ደም ነው የምታወራው። ትንሽ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዤ አንድም ደንበኛ ጭሬ የማላውቅ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ቀኝ እጄን ብርጭቆ አንሳ ስለው አልፎ ሄዶ ጨው ይደፋል። ቀኝ እግሬም ደከመ። ስራመድ ያየኝ ሁሉ ጠጥቶ ነው ይላል። ጠጥቼ በሆነ!

አምስት ወር አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሲያለማምደኝ ከረመ። ፂሙን ያንዠረገገ ወጣት ነው። ጣቴን ከአፍንጫዬ ወደ ጣቱ፣ ከጣቱ ወደ አፍንጫዬ፤ እሱ ይቆጥራል። ዓይኔን ልወጋ ስደርስ «ጎበዝ ጋሼ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል።

«የኔ እንቁላል ተሰብሯል፤ ዝም ብለህ ቁጠር» እለዋለሁ።

ቤት ደግሞ ሙያውን ስማር እንዳደረግኩት ፊኛ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብቼ በምላጭ መላጨት ጀመርኩ። ፊኛው ካልፈነዳ እጅህ ለሰው ደርሷል ማለት ነው። ሚስቴ ትነፋለች፣ እኔ አፈነዳለሁ። ጎረቤታችን «ልደት ነው እንዴ?» ብሎ ቢጠይቃት «አዎ፣ የሱ ነው፤ በየቀኑ ይወለዳል» አለችው። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሁለታችንም በሳቅ ፍርስ አልን። በአምስተኛው ወር ከአሥሩ ፊኛ ሰባቱ መትረፍ ጀመሩ።

ፀጉር ቤታችን አብሮኝ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ሱቁ ውስጥ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ወንድምዬ፣ እንዳትቆጣኝ። ሰኞ ወንበርህ ላይ ሌላ አስተካካይ ሊቆም ነው። ሥራው ለብቻዬ ከበደኝ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ደንበኛ ታጫውታለህ።»

ታጫውታለህ! ያን ወንበር አንዴ ከለቀቅኩ እንደማልመለስበት አውቀዋለሁ።

በዚህ መሃል አለማማጄ ፀጉሩን ሊስተካከል ገባ። «ጋሼ፣ እጅዎ እንዴት ነው? በጣም ተሻሽሏል እኮ!»

ንዴቴ ሁሉ እሱ ላይ ወረደ። «ተሻሽሏል? እስቲ ቁጭ በልና ፂምህን ልላጭህ!»

ልጁ ፂሙን በእጁ ዳበሰ። አሁን ሰበብ ፈልጎ ይወጣል ስል፣ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።

«አንገቴን ግን አደራ» አለ።

የቀኙን ወገን በቶንዶዝ አሳጠርኩና አረፋ ቀባሁት። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ትንሿን ጣቴን ጉንጩ ላይ አስደግፌ ምላጩን አሳረፍኩ። አንድ ጊዜ ሳብ፣ ከዚያ ትንፋሽ። እንደገና ሳብ። ጆሮው ሥር ጫር አደረግኩት፤ ንቅንቅ አላለም። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። አገጩ ጋ ስደርስ እጄ ዛለ፤ ምላጩን አስቀመጥኩ።

ወንድሜ ፎጣ ይዞ ቀረበ። «በቃ፣ ቀሪውን እኔ ልጨርሰው።»

«አይሆንም፤ የጋሼ ሥራ ነው» አለው ልጁ። ተነስቶ መስታወት አየ። ግራው ጫካ፣ ቀኙ ሜዳ። «ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ፤ ግራውን ያኔ ይጨርሱልኛል።»

«አብደሃል? እንዲህ ሆነህ? ዛሬ ታካሚ የለህም?» አለው ወንድሜ።

«አሥራ አንድ አሉኝ» አለና መነጽሩን አድርጎ ወጣ።

እንባዬ መጣ። አላፈርኩበትም። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ልጁ መንገዱን እስኪሻገር አየውና ስልኩን አወጣ።

«ሄሎ፣ ሰኞ እንዳትመጣ» አለ። «ወንበሩ ሰው አለው።»