ቅስቱን አታብሩት

የሆስፒታሉ ኤሌክትሪሻን ቤተሰቧን ይዛ የምትወጣባቸው ምሽቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጀነሬተሩ ሲያስነጥስ የምትጠራው እሷ፣ የቀዶ ጥገና ክፍሉ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል የምትጠራው እሷ። ባሏ ልብስ ሰፊው፣ ሌላው ቤት መብራት ሲበራ እኔ ቤት ይጨልማል እያለ ይቀልድባት ነበር። ስለዚህ የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ጉንጬ፣ መናፈሻው ውስጥ የብርዱ ወራት የመብራት ትርኢት መከፈቱን ከክፍል ጓደኞቿ ሰምታ ሳምንቱን ሙሉ ስትነዘንዝ፣ እናትዬዋ አርብ አመሻሽ ላይ የሥራ ቱታዋን አውልቃ የክት ካፖርቷን ለበሰች። የባሏ እናት፣ ቤቱ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ በሁለት ሹራብ ላይ ሦስተኛ ደርበው ከሁሉም ቀድመው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለው ጠበቋቸው።

በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲያካፋ ውሎ ገና ማባራቱ ነበር። የመናፈሻውን በር አልፈው ሲገቡ ጉንጬ አፏን ከፍታ ቀረች። ዛፎቹ እስከ ጫፋቸው በሰማያዊና በቢጫ አምፖል ተጠምጥመዋል፤ ከሽቦ የተሠሩ አጋዘኖች ሣሩ ላይ ቆመው ያበራሉ። እማማ ይኼ ሁሉ የሚበራው ማን ሊያነብበት ነው ብለው አሳቋቸው።

ኤሌክትሪሻኗም ሳቀች። ዓይኗ ግን ከዛፎቹ ጫፍ ይልቅ ከሥሮቻቸው አልነቀል አላት። ኬብሎቹ ሣሩ ውስጥ እንደ ነገሩ ተጎትተዋል፤ አንድ ቦታ ላይ መጋጠሚያው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ ባቆረ ውሃ ውስጥ ተኝቷል። ቆም ስትል ባሏ ክንዷን ይዞ፣ ዛሬ እንኳን ሥራሽን ለሥራ ቀን ተይው አላት። እውነቱን ነው ብላ ተራመደች። ጥቂት እንደሄዱ ግን አምፖሎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ደብዘዝ ብለው ተመልሰው ደመቁ። ሰዉ የትርኢቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። እሷ አላጨበጨበችም።

ኩሬው ዳር ከብረት የተሠራ ትልቅ ቅስት ቆሟል። በሺህ የሚቆጠሩ ደቃቅ አምፖሎች ለብሷል፤ ከሥሩ ፎቶ ለመነሳት ቤተሰብ በቤተሰብ ተሰልፏል። ፎቶ አንሺው ሃምሳ የሞላው፣ ጢሙ የሸበተ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነበር። ልጆቹን አንድ እጃቸውን ብረቱ ላይ አስደግፎ ያቆማቸዋል፤ ጥርስ የሌለው በደንብ ይሳቅ ሲላቸው ሁሉም ይንከተከታሉ። ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁት ጉንጬ ተራዋ እስኪደርስ መቆም አቃታት።

ከፊታቸው አንድ ሰውዬ ውሻውን ይዞ ወደ ቅስቱ ሲጠጋ፣ ውሻው እርጥቡን መሬት እንደረገጠ ጮኸና ወደ ኋላ ሸሸ። ሰውዬው ገመዱን ጎተተው። ውሻው አራት እግሩን ተክሎ እምቢ አለ። ሰልፈኞቹ፣ ውሻው ፎቶ አይወድም ተባብለው ሳቁ።

ኤሌክትሪሻኗ ከሰልፉ ወጥታ በጎን በኩል ወደ ብረቱ ተጠጋች፤ ጓንቷን አወለቀችና፣ ዘመኗን ሁሉ እንደምታደርገው፣ በመዳፏ ሳይሆን በእጇ ጀርባ ነካ አድርጋ መለሰችው። ንዝረቱ እስከ ክርኗ ወጣ። የእሷ ጫማ ሶል ወፍራም ጎማ ነው። የልጆቹን ጫማ አየች፤ ውሃ ጠጥቶ የጠቆረ ጨርቅ።

ወደ ባሏ ተመልሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጅቷን ከሰልፉ አውጣ። እጇ ብረት እንዳይነካ» አለችው። ፊቷን አይቶ ታዘዛት። ጉንጬን ብድግ ሲያደርጋት ልጅቷ ለቅሶዋን ለቀቀችው፤ እማማ ደግሞ አያትነታቸው አልችል ብሏቸው፣ አንዴ ብትነሳ ምን አለበት ብለው ተቆጡ።

ፎቶ አንሺውን ብረቱ ይነዝራል፣ ሰዎቹን አርቃቸው ስትለው፣ ትርኢቱ ሲያልቅ ራሳቸው ይርቃሉ እህቴ ብሎ ቀለደባት። ጊዜ አላጠፋችም። ከቅስቱ የሚወጣውን ኬብል ተከትላ ከቁጥቋጦው ጀርባ ማከፋፈያ ሳጥኑን አገኘችው። አንድ አዛውንት ዘበኛ አጠገቡ ቆመው እጃቸውን ያሟሙቃሉ። ሳጥኑ ቁልፍ የለውም። ስትከፍተው ያየችው የፈራችውን ነው፤ ኃይል ወደ መሬት ሲፈስ ቆርጦ እንዲጥል የተሠራው ብሬከር ጫፍና ጫፉ በቁራጭ ሽቦ ተያይዞ ተዘልሏል። ቢኖርም እንደሌለ ነው።

ዘበኛው በሬዲዮ የትርኢቱን ኃላፊ ጠሩላት። ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ትሕትና የሚያውቅ ሰው እየተጣደፈ መጣ። ሽቦውን ስታሳየው አልካደም፤ ጤዛ በነካው ቁጥር እየጣለ አስቸገረን፣ ሰውም ተማረረ አላት። ንዝረቱ ደግሞ ከሹራብ የሚመጣ ዓይነት ነው፣ ሽቦው ከገባ ሦስት ምሽት ማንም አልተጎዳም አለ። እሷ ዝናቡ የዘነበው ዛሬ ነው አለችውና መልሱን ሳትጠብቅ ዋናውን እጀታ ወደ ታች ሳበችው።

መናፈሻው ድርግም አለ።

መጀመሪያ ሰዉ በአንድ አፍ «ኦ» አለ። ቀጥሎ ልጆች ማልቀስ፣ ወላጆች መጠራራት ጀመሩ። በስልክ መብራት መንገድ እየፈለጉ ወደ ሳጥኑ የመጡት ሰዎች ማን እንዳጠፋው ሲነገራቸው አንዷ አሳፋሪ አለቻት፤ አንዱ ጤነኛ አይደለችም አለ። ባሏ ልጃቸውን ታቅፎ ከጎኗ ቆመ። ጉንጬ ፊቷን አንገቱ ሥር ቀብራ፣ እማዬ አበላሸችው እያለች ትንሰቀሰቅ ነበር።

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመናት። ሰው በጨለማ ኩሬው ውስጥ ቢገባስ? ዛፎቹ ብቻ ይብሩ፣ ቅስቱ ይቅር፣ ነገ ጠዋት ባለሙያ ይጠራል። አሰበችበት። ሽቦውን ልትነቅለው ብትፈልግ ካቻቢቴዋ ቤት፣ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። የቅስቱን ሶኬት መዝዛ ጥላ፣ «ይህቺን እንዳትሰኩ። ቅስቱን አታብሩት» አለችው። ቃሌን ሰጥቼሻለሁ አላት።

ከመሄዷ በፊት ወደ ዘበኛው ዞረች። «ጋሼ፣ ሰው ብረቱን ይዞ ሲደርቅ ካዩ እንዳይነኩት። ማንንም አይጠይቁ፣ ይህቺን እጀታ ወደ ታች ብቻ ይሳቡ።»

«ወደ ታች» አሉ ዘበኛው። እጀታውን ዳሰሱት፣ በጨለማ እንዳይጠፋቸው።

ወደ መኪናው ሄዱ። ልጅቷ ከኋላ ተቀምጣ ለእናቷ ጀርባዋን ሰጠቻት። ባሏ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት መናፈሻው ተመልሶ በራ፤ ጭብጨባው እስከ መኪና ማቆሚያው ተሰማ። ኤሌክትሪሻኗ በመስኮቱ አየች። ዛፎቹ አሉ። ከዛፎቹ በላይ ደግሞ፣ ነጭና ሙሉ፣ የቅስቱ ጫፍ ይታያል።

«አብርተውታል» አለች።

ባሏም አየው። ነግረሻቸዋል፣ ከዚህ በላይ ምን ታደርጊያለሽ አላት፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ደክሞት ነው። እማማ ልጅቷ በርዷታል አሉ። እሷ እጇን የመኪናው በር ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እነዚያ ሰዎች ሲጮሁባት ታያት፤ ጤነኛ አይደለችም ያላት ሰው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ምናልባት ሽቦውን አስተካክለውት ይሆናል ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች። ምን ያህል እንደቆየች በኋላ ስትጠየቅ ሁለት ደቂቃ ትላለች። ባሏ ግን ከዚያ ይረዝማል ባይ ነው።

መናፈሻው እንደገና ድርግም አለ። በዚህ ጊዜ ማንም «ኦ» አላለም። አንዲት ሴት ጮኸች።

ሮጣ ስትደርስ ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ፎቶ አንሺው በጀርባው ወድቋል፤ የወደቀ አምፖል ሊያነሳ ብረቱን ይዞ ሲጎነበስ ነው የደረቀው። ዘበኛው ሳጥኑ ጋ እጀታውን በሁለት እጃቸው ወደ ታች ይዘው፣ ኃላፊው ቢያናግራቸውም አለቅም ብለው ነበር። ኤሌክትሪሻኗ ተንበርክካ የፎቶ አንሺውን አንገት ዳሰሰች፤ ትርታ የለም። ሆስፒታሉ ለሠራተኛው ሁሉ ያስተማረውን አስታውሳ ደረቱን መጫን ጀመረች። ክንዷ ሲዝል ባሏ ተካት፣ እሱ ሲዝል እሷ። የክት ካፖርቷ ጭቃ ለበሰ። አምቡላንሱ ከመድረሱ በፊት ሰውዬው አንዴ ትንፋሹን በረጅሙ ሳበ፤ ከዚያ ደገመው።

ተረፈ። ትርኢቱ በማግስቱ ተዘጋ፤ ኃላፊው ተከሰሰ፤ ኤሌክትሪሻኗ ያየችውን ሳታጋንን መሰከረች። ጤነኛ አይደለችም ያለው ሰው ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቃት። ጉንጬ ለክፍሏ ልጆች፣ እናቴ ሰው አስነሳች ብላ አወራች። የፎቶ አንሺው ቀኝ እጅ ግን ተቃጥሎ ስለነበር ሦስት ጣቶቹ ተቆረጡ።

የተኛው እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ነው። በሁለተኛው ሳምንት የዋርዱን አምፖል ልትቀይር መሰላሏን ይዛ ስትገባ ሰውዬው ተኝቷል፤ ሚስቱ አልጋው ራስጌ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ተነስታ እጇን ይዛ አመሰገነቻት፣ መረቀቻት። እጇን ግን አልለቀቀችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እህቴ። እንዳበሩት ታውቂ ነበር አሉ። መኪና ውስጥ ሆነሽ አይተሻል አሉ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጥሽ?»

በቁጣ አይደለም የጠየቀችው፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ኤሌክትሪሻኗ ብዙ ነገር ልትል ትችል ነበር፤ ልጄ እያለቀሰች ነበር፣ ሰድበውኝ ነበር፣ ቃል ገብተውልኝ ነበር። የሴትዮዋን ዓይን ስታይ አንዱም ከአፏ አልወጣ አለ። ሴትዮዋ እጇን በዝግታ ለቀቀቻትና ወደ ባሏ ዞረች። ኤሌክትሪሻኗ መሰላሉን ዘረጋች፣ ወጣችበት፤ የተቃጠለውን አምፖል ፈትታ አዲሱን አሰረች።